ነገ በጠዋት ከሰው ጋር ትምጣ

ስልኩን ያነሱት አባቷ ነበሩ። በዚያ ሰኞ ጠዋት ደስታዬ ከደረቴ አልፎ አፌ ላይ ደርሶ ስለነበር ማን እንዳነሳው እንኳ ሳላጣራ ነው መናገር የጀመርኩት። አስካለን ፈልጌ ነበር አልኩ። ማሳ ወርዳለች፣ እኔ አባቷ ደሞዜ ነኝ፣ ማን ልበል አሉ። ከወልድያ፣ ከሆስፒታል፣ ሲስተር ሮማን ነኝ አልኳቸው። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

"አባባ፣ የአስካለ ውጤት መጥቷል። በስልክ የሚነገር አይደለም። ነገ በጠዋት ትምጣ። ብቻዋን ግን እንዳትመጣ፣ ከሰው ጋር ትምጣ።"

ቆይተው "እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ" አሉና ዘጉት። ድምፃቸው ዝቅ ማለቱን ሰምቻለሁ፤ ግን ልብ አላልኩትም።

ልብ እንዳልል ያደረገኝ ውጤቱ ነው። አስካለ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ ከውርጌሳ ገባ ብሎ ካለ መንደር። ከሦስት ሳምንት በፊት ጡቷ ላይ የወጣ እባጭ ይዛ መጣች። ሐኪሙ ናሙና ወስዶ ወደ አዲስ አበባ ላከ። ሠርጓ ለጥር ተቆርጧል። ናሙናውን የሰጠች ዕለት እጄን ይዛ፣ ክፉም ይሁን ደግ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ፣ ከእኔ በፊት አባቴም ሆነ እጮኛዬ እንዳይሰማ፣ ገላው የኔ ነው አለችኝ። ሕጉም ይህንኑ ይላል አልኳት። ጻፍኩ፣ ፈረመች። የራሷ ስልክ ስለሌላት የአባቷን ቁጥር ሰጠችኝ፤ ለመጥሪያ ብቻ።

ያን ቀን ጠዋት ወረቀቱ መጣ። ካንሰር አይደለም። ምንም የማያደርግ ተራ እባጭ ነው፤ በግማሽ ቀን ወጥቶ የሚያልቅ። በጠዋት ትምጣ ያልኩት ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሐኪም ጠዋት ስለሚገባ ነው። ከሰው ጋር ትምጣ ያልኩት ደግሞ ከተቆረጠላት በኋላ ደግፎ የሚመልሳት ሰው ስለሚያስፈልጋት ነው። ያልኩት ሁሉ ምክንያት ነበረው። ስልኩን ዘግቼ ዘወር ስል ጋሽ ንጉሴ የያዙትን መርፌ አስቀምጠው ያዩኛል። ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገሉ ነርስ ናቸው፤ በክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን ሁሉ ይሰማሉ።

"እስቲ ያልሽውን ድገሚው" አሉኝ።

ደገምኩት።

"አንቺ ልጅ፣ መርዶ እኮ ነው የተናገርሽው።"

እውነት ነው። በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ይደወልና ና ይባላል። ምን ሆነው ብትል መጥተህ ትሰማለህ ይባላል። በጠዋት ድረስ፣ ብቻህን አትምጣ ይባላል። እኔ ራሴ የጉባ ላፍቶ ልጅ ነኝ፤ አጎቴ ሲሞት እንዲሁ ተብዬ ተጠርቼ መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ የሄድኩ ሰው ነኝ። ሰው ቃሉን አይደለም የሚሰማው፣ አጠራሩን ነው። አራት ዓመት የተማርኩት ትምህርት ይህን እንዴት አስረሳኝ ብዬ በራሴ ተናደድኩ። እኔ ደግሞ ስናደድ እጄ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወዲያው መልሼ ደወልኩ፤ መስመሩ ግን ተይዞ ከአንድ ሰዓት በላይ ደጋግሜ ነው ያገኘሁት።

አሁን ያነሱት አክስቷ ወርቅዬ ናቸው። ጠዋት የደወልሽው አንቺ ነሽ ወይ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ላንቺም እኮ ከባድ ነው አሉኝ። እኔን ያጽናናሉ። አስካለን ያገናኙኝ ብላቸው አይሆንም አሉ። ለእሷ ገና አልተነገራትም፤ ዘመድ እየተጠራ ነው፤ ነገ ሲነጋጋ ሰው ተሰብስቦ ያረዳታል። ወንድማቸው ደሞዜ ደግሞ ለእጮኛዋ አባት ልከውባቸዋል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌ ተቀምጦ የጋብቻው ቃል ይመለሳል። ሞት የጠራትን ልጅ ድሬ የሰው ልጅ አላታልልም ብለዋል።

ሰዓቱን አየሁ። አራት ሊሆን ነው። ደሜ ፈላ። ደግ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ ጋሽ ንጉሴ እጃቸውን አነሱብኝ። ስልኩን በመዳፌ ከድኜ ተነጫነጭኩባቸው። ደግ ነገር ተናግሮ የተከሰሰ ነርስ አለ እንዴ አልኳቸው። ልጅቷ ሳታውቀው ትዳሯ ሊፈርስ ነው አልኳቸው። እሳቸው ግን እንደ ሁልጊዜው ረጋ ብለው መለሱልኝ።

"ዛሬ ደጉን በስልክ ከተናገርሽ፣ ነገ ለሌላዋ ዝም ስትዪ ዝምታሽ መርዶ ይሆናል። ሕጉ ክፉውን ደብቂ አይደለም የሚለው፤ የእሷን ለእሷ ስጪ ነው የሚለው።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስመልሰው ተዘግቷል። ደግሜ ደጋግሜ ብደውል አይጠራም፤ ባትሪው አልቆ ይሆናል። እንግዲያው እኔው እሄዳለሁ አልኩ። ጋሽ ንጉሴ ተራዬን ተቀበሉኝ፣ ሐኪሙም ሂጂ አለ። ወረቀቱን በፖስታ አሽጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ነጩን ጋዋን ሳላወልቅ ሹራብ ደረብኩበትና ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ተሳፋሪ እስኪሞላ ሰባት ሰዓት ሆነ። ሚኒባሱ ሲሪንቃ ላይ ቆሞ አንድ ረዘም ያለ ጎልማሳ አሳፈረ። ቦቲ ጫማው አቧራ ለብሷል፤ ከሥራ ተጠርቶ እንደወጣ ያስታውቃል። ቁጭ ብሎ ቀና ሲል አየኝ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። መልካሙ ነው፣ የአስካለ እጮኛ። ሲሪንቃ በእርሻ ሙከራ ጣቢያ ይሠራል። አስካለን አጅቦ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቃት አይቼዋለሁ፤ እሱም እኔን አይቷል። ከሃምሳ ሺህ ሰው መሃል የእሱ ወንበር ከእኔ አጠገብ መሆኑ የእኔ ዕድል ነው።

አባቱ ደውለውለት ቃል ሊመለስልን ነው፣ ድረስ ብለውታል። ለምን እንደሆነ ግን በደንብ አልነገሩትም። አሁን እኔን ሲያይ ሁሉም ገባኝ ብሎ አስቧል። ሲስተር፣ ምንድን ነው፣ ንገሪኝ አለ። አልችልም አልኩት። አትናገሪ፣ ራስሽን ብቻ ነቅንቂልኝ አለ። አንገቴን እንደ እንጨት አድርጌ ተቀመጥኩ። ከሲሪንቃ እስከ መርሳ ለመነኝ፤ በእናቱ ለመነኝ፣ በእመቤታችን ለመነኝ።

በመጨረሻ "ንገሪኝና ልወስን" አለኝ።

ይህች ቃል አናደደችኝ። "መወሰኑ ያንተ ነው፤ ውጤቱ ግን የእሷ ነው" አልኩት፤ ቆጣ ብዬ ነው የተናገርኩት። አፈረና አቀረቀረ።

የእኔስ ጉድ። ደስታ እንደ ሳል ነው፤ ሲያፍኑት ይብሳል። ይህ ሰው አጠገቤ ሆኖ ሲሰቃይ፣ አንድ ቃል ብናገር ከመቀመጫው ዘሎ ጣሪያውን እንደሚመታ ሳስበው ሳቄ መጣ። ከንፈሬን ነከስኩ። ሻርፔን ስቤ አፌን ሸፈንኩ፤ ሳቄን ስታገል ዓይኔ እንባ ሞላ። መልካሙ ይህን አየ። ሲስተሯ አለቀሰች ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ያን ጊዜ ሳቄ ሁሉ ጠፋ። ልቤ ተቃጠለ። የጋሽ ንጉሴን ሃያ ስድስት ዓመት ረገምኩ።

መርሳ ላይ ረዳቱ ሁለት ሰው ብቻ እያለ አስቆመን። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ሃያ። ሾፌሩ ፓፓዬ ያማርጣል። እኔ ወትሮም ነገር ሲጓተት አልወድም፤ ያን ቀን ደግሞ በየደቂቃው የአባቷ ግቢ ይታየኛል። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ጮህኩበት። ፓፓዬውን ከነዛፉ ጫነውና እንሂድ አልኩት። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ጋዋኔን አይተው፣ ምነው ሲስተር፣ ለቅሶ ነው እንዴ የምትሄጂው አሉኝ።

አይደለም ልል ነበር። መልካሙ ግን ጆሮውን አቁሞ ጎኔ ተቀምጧል፤ አይደለም ማለትም መናገር ነው። ዝም አልኩ። መኪናው ሙሉ ሰው ዝምታዬን ተረጎመው። ከንፈር ተመጠጠ፤ ሾፌሩም ይቅርታ ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ዝምታሽ መርዶ ይሆናል ያሉኝ እንዲህ ማለታቸው ነበር። ጠቀመኝ፤ ግን ደስ አላለኝም።

ውርጌሳ ስንወርድ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ወደ መንደሩ የሚያስገባው ባጃጅ ብቻ ነው። የባጃጁ ባለቤት ሙጃሂድ የሚባል ሳቂታ ሰው ነው፤ ዘጠኝ ሳይሆን አድርሰን ብንለው "አብሽሪ ሲስተር፣ ኢንሻአላህ እንደርሳለን" ብሎ አስነሳው። ደረቁ ወንዝ ላይ ስንደርስ ጎማው አሸዋ ውስጥ ገባ። እኔ፣ መልካሙና ሙጃሂድ ሦስታችን ገፋን። አንዱ ጫማዬ አሸዋ ውስጥ ቀረ፤ ቆፍሬ አወጣሁት። መልካሙ ሁለታችንንም ትቶ በእግሩ ሊሮጥ ሲል ባጃጁ እንደ ሚዳቋ ዘለለችና ወጣች። ከእግዜር ጋር ተጣልቼ እንደታረቅሁ ያህል ደስ አለኝ።

ግቢው ደጅ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ወንዶቹ በግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። የሚያለቅስ የለም፤ ልጅቱ እንዳትሰማ ሁሉም አፉን ይዟል። እሷን ከአውድማ እንዳትመለስ ሥራ አብዝተውባታል። የመልካሙ አባት አቶ ወንድሙ ከሽማግሌዎቹ መሃል ናቸው። አባቷ አያ ደሞዜ ሊናገሩ ቆመዋል፤ ቀጭን፣ ጥምጣም ያሰሩ፣ ዓይናቸው የቀላ። እኔን ሲያዩ ሰዎቹ ሁሉ ብድግ አሉ። ጋዋኔን ሲያዩ አንዳንዶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ።

አያ ደሞዜ መጡና ትከሻዬን ሳሙኝ። ድካምሽን እግዚአብሔር ይቁጠረው አሉኝ። እስከዚህ ድረስ ከመጣሽ ለእኛ ንገሪን፣ እኛ እናውቅበታለን፣ ቀስ ብለን እናስረዳታለን አሉኝ። አስካለን ሳላገኝ ለማንም የምለው የለኝም አልኳቸው። ሰው አጉረመረመ።

"ወልጄ አሳድጌ ዛሬ ባዳ ሆንኩ?" አሉ።

"ባዳ አይደሉም አባባ። እሷ ትነግርዎታለች። እኔ ግን አልነግርዎትም።"

ቂም ያዙብኝ፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። አባቴን መስለውኝ ነበር። ተመልሰን እስክንመጣ ቃሉ እንዳይመለስ ብቻ ለመንኳቸው። በግድ እሺ አሉ።

አውድማው ከቤቱ ጀርባ ቁልቁል ነው። አስካለ በማሽላ አገዳው ክምር ጥግ ቆማ ሰፌድ ይዛለች። ስታየኝ ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። "ሰው ሲሰበሰብ አይቻለሁ፤ ለኔ ነው አይደል?" አለችኝ።

ሰላምታ እንኳ አልሰጠኋትም። "አስካለ፣ ካንሰር አይደለም" አልኳት።

አላመነችም። ድገሚው አለች፤ ደገምኩላት። በእናትሽ ድገሚው አለች፤ ደገምኩላት። ፖስታውን ቀድጄ ወረቀቱን ሰጠኋት፣ የማይገባትን ቃል በአማርኛ አስረዳኋት። እባጩ ቢወጣ እንደሚሻል፣ ማስወጣት አለማስወጣቱ ግን የራሷ ምርጫ መሆኑን ነገርኳት። አገዳው ላይ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ እንደገና ተቀመጠች። ከዚያ ዘልላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለታችንም እህሉ መሃል ወደቅን። ማሽላ በፀጉራችን፣ ማሽላ በጋዋኔ። ለአምስት ሰዓት ያፈንኩትን ሳቅ እዚያ አውድማ ላይ ሳቅሁት። ነርስ ሆኜ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እንባዋን ጠራርጋ ስታበቃ ማን ማን ያውቃል ብላ ጠየቀችኝ። ከሆስፒታሉ ሰው በቀር ማንም አልኳት። መልካሙስ አለች። ከሲሪንቃ ጀምሮ ጎኔ ነበር፣ አያውቅም አልኳት። አባቷ ቃሉን ሊመልሱ ሽማግሌ መቀመጡንም ነገርኳት፤ እሱ የሐኪም ቤት ምስጢር አይደለም።

"መልካሙ በመንገድ ምን አለሽ?"

ምላሴ ላይ ነበረች ያቺ ቃሉ። ንገሪኝና ልወስን ያላት። "የእሱን ከእሱ ጠይቂ" አልኳት።

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። "እንግዲያው ፊትሽን እንደያዝሽ ውጪ። እኔ እስክናገር ምንም እንዳታስነብቢ" አለችኝ። ልሞት ነበር። አሁንስ ማን ከለከለሽ ልላት ፈለግሁ። ግን ነገሩ የእሷ ነው፤ የፈረመችው ለዚህ ነው። ፊቴን ጭፍግግ አድርጌ ተከተልኳት።

ግቢው ውስጥ ስንገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ፊት ነው። ወርቅዬ አዩኝና ደረታቸውን ያዙ። አያ ደሞዜ ልጃቸውን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ከዚያ ወደ አቶ ወንድሙ ዞሩ። ልጄ ታማለች፣ ምን እንደሆነች እኔም አልተነገረኝም፣ ነገ እያወቁ ደበቁን እንዳትሉ ቃላችሁን ይዛችሁ ሂዱ አሉ። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። አቶ ወንድሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እግዜር ይማራት ብለው ሊቀበሉ ነው። አስካለ አልተናገረችም። መልካሙን ብቻ ታያለች።

መልካሙ ከኋላ ተነሳ። ቦቲ ጫማው የወንዙን አሸዋ እንደያዘ ነው።

"አባቴ፣ ቃሌን መልሼ አልቀበልም" አለ። "ከሲሪንቃ እስከ መርሳ ሲስተርን ንገሪኝና ልወስን ስላት ነበር። አፈርኩበት። አሁንም የነገረኝ የለም። ሳይነገረኝ ወስኛለሁ፤ የሚመጣውን አብሬያት እሰማለሁ።"

ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑ ከአስካለ ፊት አልተነቀለም። አስካለ ወደ አባቷ ሄደች፣ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ድምፅዋን ግን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

"ካንሰር ይሆናል ተብሎ ነበር። አይደለም። ነገ ወልድያ ሄጄ ትንሽ እባጭ አስወጥቼ እመለሳለሁ። ሠርጉ በጥር ነው።"

የት ቦታ እንደሆነ አልተናገረችም፤ ማንም አልጠየቀም። ወርቅዬ የዘቀዘቁትን ነጠላ ገልብጠው እልል ሲሉ ግቢው ተናወጠ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጣት ተቃቀፉ። ሙጃሂድ ደጅ ላይ ሆኖ የባጃጁን ጥሩንባ ያስጮሃል። መልካሙ ቆሞ ቀረ፤ ሳቅና ለቅሶው ተደባልቆበት። አስካለ ነገ የሚያጅበኝ ሰው እፈልጋለሁ ስትለው ራሱን ብቻ ነቀነቀ። እኔ አንድ ባልዲ ውኃ ከራሴ ያወረድኩ ያህል ቀለለኝ።

ይህን ታሪክ የምጽፈው አስካለ በኋላ፣ ሰው የሚማርበት ከሆነ ጻፊው፣ ስማችንን ግን ቀይሪው ስላለችኝ ነው። የሁሉንም ስም ቀይሬያለሁ።

ልሄድ ስነሳ አያ ደሞዜ እስከ ባጃጁ እሸኝሻለሁ አሉ። ያኮረፉኝ መስሎኝ ይቅርታ ልጠይቃቸው አሰብኩ፤ እሳቸው ቀደሙኝ። በመንገዱ ግማሽ ላይ ቆሙ፣ ወደ ኋላ አዩ፣ ማንም አለመኖሩን አረጋገጡ።

"ተቀይሜሽ ነበር" አሉኝ። "አሁን ገባኝ። ደጉን ይዘሽ ምሬቴን የቻልሽ ልጅ፣ ክፉውንም ለማንም አትናገሪም። እኔም ሁለት ዓመት ለሰው ያልተናገርኩት አለ።"

እዚያው ቁልቋሉ ጥላ ሥር ቆመን ነገሩኝ። ለሚስታቸው ያልተናገሩት ነው፤ ለንስሐ አባታቸው ያልተናገሩት ነው። አንድ ጊዜ ከጀመሩ በኋላ አላቆሙም፤ ሙጃሂድ ሁለት ጊዜ ጥሩንባ ነፋብን። በማግሥቱ ልጃቸውን አጅቤ እሄዳለሁ ብለው ለመንደሩ ተናግረው ከአስካለና ከመልካሙ ጋር ወልድያ መጡ። እሷ በአንዱ በር ገባች፣ እሳቸው በሌላው።

መምጣቴን ጻፊው፣ እንደኔ ደብቆ የተቀመጠ ካለ ይምጣ፣ ሕመሜን ግን ለኔ ተይልኝ ብለውኛል። የእሳቸውም ውጤት ከወር በኋላ መጣ። ለራሳቸው ሰጠኋቸው። ደግ ይሁን ክፉ፣ እሱን አልናገርም።